እንጀራ ለዕለት፤ ጓሮ ለዓመት

የተራበን ማብላት፣ የታረዘን ማልበስ፣ እንግዳን መቀበል ከአባቶቻችን የወረስነው ሥርዓት ነው። ይህንንም ለማስረዳት ብዙ ቃል መደርደር አያስፈልግም፤ በዚህ ረገድ ሕዝባችን መምህር እንጂ ተማሪ አይደለምና። ዳሩ ግን እንግዳው የሦስት ቀን እንግዳ መሆኑ ቀርቶ የዓመትና የሁለት ዓመት ነዋሪ በሆነ ጊዜ፣ የዕለት እንጀራ ማቅረብ ብቻውን እንደማይበቃ ልብ ማለት ይገባል። ሰጪው ይደክማል፤ ተቀባዩም ያፍራል። የሰጪው ድካምና የተቀባዩ ኀፍረት በተገናኙበት ቦታ ፍቅር ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ዛሬ የምንናገረው በደብረ ታቦርና በደቡብ ጎንደር ከተሞች ከቀያቸው ተነሥተው የመጡ ሰዎች፣ ከነባሩ ነዋሪ ጋር ሆነው ባዶ ቦታ የሚያለሙበትና ምርቱን የሚካፈሉበት ማኅበር እንዲቋቋም ስለሚያስፈልግበት ምክንያት ነው።

ደብረ ታቦር እንግዳ መቀበልን ዛሬ አልጀመረችም። ራስ ጉግሣ ከተማ ካደረጓት ጊዜ አንሥቶ ወታደሩም፣ ነጋዴውም፣ ባለእጁም፣ የቆሎ ተማሪውም ከየአገሩ እየመጣ ያቀናት ከተማ ናት። በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመንም በአጠገቧ ባለችው በጋፋት የውጭ አገር ሠራተኞች ከአገሬው ባለእጆች ጋር ተቀምጠው ሴባስቶፖል የተባለውን ታላቅ መድፍ እንደ ሠሩ የታሪክ መጻሕፍት ይመሰክራሉ። የከተማዪቱ ስምም ራሱ በየዓመቱ ነሐሴ 13 ቀን የሚከበረውን በዓል ያሳስባል። በዚያች ቀን ሕፃናት በየደጁ ዞረው ሙልሙል ዳቦ ይቀበላሉ፤ የማን ልጅ ነህ ተብሎ የሚከለከል የለም። እንግዲህ በስሟም በታሪኳም ለመካፈል የተሰየመች ከተማ ናት ብንል ማጋነን አይሆንም።

በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ጋይንት በደረሰ ጊዜ፣ ከነፋስ መውጫና ከዙሪያዋ እንዲሁም ከወሎ በኩል ብዙ ሕዝብ ልጁን አዝሎና ሽማግሌውን ደግፎ ወደ ደብረ ታቦር መጣ። በዚያው ወር ከተማዪቱ ራሷ በከባድ መሣሪያ ተመታች፤ ሆኖም ነዋሪዋ የመጣውን ሰው በቤቱና በትምህርት ቤቱ አስጠልሎ ያለውን አካፈለ። ከእነዚያ ብዙዎቹ ጦርነቱ ካለፈ በኋላ ወደየአገራቸው ተመልሰዋል። ነገር ግን የመፈናቀል ነገር በዚያ አላበቃም። ከሌሎች ክልሎች የተፈናቀሉ ሰዎች በአማራ ክልል ከተሞች ተጠግተዋል፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህም በክልሉ በተነሣው ግጭት የተነሣ ቀዬውን ትቶ ወደ ከተማ የገባ አለ። ከዚህም በላይ መሬቱ ለልጆች ሲከፋፈል አልበቃው ብሎ፣ የቀን ሥራ ፍለጋ ከፋርጣ፣ ከእስቴና ከእብናት ወደ ከተማ የሚወርድ ጎልማሳ ጥቂት አይደለም። የመጡበት ምክንያት የተለያየ ቢሆንም፣ በከተማው ዳር በጠባብ ኪራይ ቤት አንድ ሆነው ይኖራሉ።

እነዚህ ሰዎች ማን ናቸው ብለን ብንጠይቅ፣ የሚበዙት ገበሬዎችና የገበሬ ሚስቶች ናቸው። የአፈሩን ጠባይ በእጃቸው ዳስሰው ያውቃሉ፤ ደመናን አይተው የዝናብን ጊዜ ይለያሉ፤ ዘር መምረጥ፣ ፍግ ማብሰል፣ አረም መንቀል፣ ጎተራ መጠበቅ ከሕፃንነታቸው ጀምረው የተማሩት ሙያ ነው። ይህን ሁሉ ዕውቀት የያዘ ሰው እጁን አጣጥፎ የእርዳታ ስንዴ ቀን ሲጠብቅ መዋሉ ለራሱ ኀዘን፣ ለአገርም ኪሳራ ነው። በሌላ ወገን ደግሞ በየከተማው ውስጥ ሳር በቅሎበት የሚውል ቦታ እናያለን፤ የመሥሪያ ቤት ቅጥር፣ የትምህርት ቤት ዳርቻ፣ ለግንባታ ተመርቶ ሳይሠራበት ዓመታት የቆየ መሬት፣ የመንገድ ዳር ቁራጭ ሁሉ አለ። በአንድ ከተማ ውስጥ ሥራ የፈታ እጅና ሥራ የፈታ መሬት ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ገበያ ላይ የጎመንና የድንች ዋጋ ተወደደ ተብሎ መማረር ተገቢ አይመስለንም።

ምናልባት አንዳንድ ሰው፣ ደቦና ወንፈል፣ ሰንበቴና እድር ያለን ሕዝብ ስንሆን አዲስ ማኅበር ለምን ያስፈልገናል ይል ይሆናል። መልካም ጥያቄ ነው። ዳሩ ግን እነዚህን ሥርዓቶች በደንብ ብንመረምር፣ መጻተኛው በእያንዳንዳቸው ደጅ ላይ ቆሞ እናገኘዋለን። ወንፈል የሚሆነው እኔ ዛሬ በአንተ እርሻ ብሠራ አንተ ነገ በእኔ እርሻ ትሠራልኛለህ ተብሎ ነው፤ መሬት የሌለው ሰው ጉልበቱን ያበድራል እንጂ የሚመለስለት እርሻ የለውም፤ ስለዚህ ብድሩ ሳይከፈል ይቀራል። እድር ለመግባት የመግቢያ ገንዘብና ቋሚ ሠፈር ይጠየቃል። ሰንበቴም በተራው ድግስ ማቅረብ የሚችለውን ይሻል። እንግዲህ ሥርዓቶቻችን ደጎች ቢሆኑም የተሠሩት ለባለርስት ነው። መጻተኛውን ወደ ውስጥ ለማስገባት ሌላ ሥርዓት መፍጠር አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው የሚያበድረውም የሚመለስለትም ነገር እንዲኖረው አንድ ቁራጭ መሬት መስጠት ነው። መሬቱን ባገኘ ቀን ወንፈል ይገባል፤ ምርቱን በሰበሰበ ቀን ለሰንበቴው ተራውን ያወጣል።

የቦታው ስፋት ትንሽ ነው ብሎ መናቅ አይገባም። ለአብነት ያህል የድንችን ነገር እንመልከት። ድንች ለደቡብ ጎንደር ደጋ ዛሬ እንደ ገብስ የታወቀ ምግብ ቢሆንም፣ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1851 ዓ.ም. ገደማ እንደ ሆነና ያስገባውም ሺምፐር የተባለ ጀርመናዊ የዕፅዋት ሊቅ እንደ ሆነ ይነገራል። ሕዝቡ በብዛት የያዘው ግን ከክፉ ቀን ረኀብ በኋላ ነው። ልብ እንበል፤ ዛሬ የደጋውን ሰው በክረምት የሚያሻግረው እህል በእንግዳ እጅ የመጣ ነው። ይህ ተክል በሰኔ ገደማ ቢተከል በሦስትና በአራት ወር ውስጥ ይደርሳል፤ ይኸውም ጎተራ በሚራቆትበትና አዲሱ እህል ገና ባልደረሰበት ጊዜ ነው። በመደብና በመደብ መካከል 75 ሳንቲሜትር፣ በተክልና በተክል መካከል 30 ሳንቲሜትር ተለክቶ ቢተከል፣ 100 ካሬ ሜትር ቦታ ከ400 በላይ ተክል ይይዛል። ለዚህም 20 ኪሎ ያህል የዘር ድንች ይበቃዋል፤ በመጠነኛ ጥንቃቄ ከ1 ኩንታል በላይ ይገኝበታል። ከአዴት ምርምር ማእከል የወጡት ዘንገናና ጓሳ፣ ከሆለታም የወጡት ጉደኔና በለጠ የተባሉት ዝርያዎች ለደጋው የሚስማሙ ናቸው። ከድንቹ ዳር ሐበሻ ጎመን፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ባቄላና ቀይ ሥር ቢጨመርበት፣ አንድ ቤተሰብ ለወጥ የሚያወጣውን ገንዘብ ያተርፋል፤ የልጆቹም ሰውነት ይጠነክራል።

ስለ ዘሩም አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። በመጀመሪያው ዓመት 20 ኪሎ ዘር የተቀበለ ቤተሰብ፣ አዝመራው ሲደርስ ያንኑ 20 ኪሎ ለማኅበሩ ቢመልስ፣ በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ቤተሰብ ይዘራበታል። ዘር ድንች ከጨለማ ጉድጓድ ይልቅ ብርሃንና ነፋስ በሚያገኝበት የእንጨት መደርደሪያ ላይ ሲቀመጥ ሳይበላሽ ወራት እንደሚቆይ የእርሻ ባለሙያዎች አስተምረዋል። ይህን መደርደሪያ ለማቆም ብዙ ወጪ አይጠይቅም። በዚህ ዓይነት መንግሥት አንድ ጊዜ የሰጠው ዘር ከሰው ወደ ሰው እየተላለፈ ይኖራል፤ የተቀበለውም ሰው በሁለተኛው ዓመት ሰጪ ሆኖ ቀና ብሎ ይሄዳል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመጣለን። ሰው በማያጸናው መሬት ላይ ፍግ አያፈስም። ነገ ተነሣ የሚባል መሆኑን የሚያውቅ ሰው ጎመን ይዘራ ይሆናል እንጂ ጌሾ አይተክልም፤ ድንጋይ አይለቅምም፤ የጎርፍ መውረጃ አይቈፍርም። ስለዚህ የቃል ፈቃድ ብቻ ተሰጥቶ፣ ሹሙ በተለወጠ ቁጥር ፈቃዱም የሚለወጥ ከሆነ፣ ይህ ሁሉ ምክር ከንቱ ይሆናል። የምንጠይቀው ርስት ይሰጥ ብለን አይደለም። ቦታው የመንግሥት ወይም የባለይዞታው እንደ ሆነ ይቆይ፤ ነገር ግን ለሦስት አዝመራ የሚጸና፣ ስፋቱ የተለካ፣ በቀበሌው መዝገብ የተጻፈና ማኅተም ያረፈበት የመጠቀሚያ ወረቀት ለማኅበሩ ይሰጥ። ቦታው ለግንባታ በተፈለገ ጊዜም የተዘራው ሳይሰበሰብ እንዳይነሣ፣ ምትክ ቦታም አስቀድሞ እንዲፈለግ በዚያው ወረቀት ላይ ይጻፍ። ይህን ማድረግ ለአስተዳደሩ የአንድ ገጽ ሥራ ነው፤ ለገበሬው ግን በእርግጥ አርሶ መብላትና በፍርሃት መቅረት የሚለያዩበት ነው።

መንግሥት በዚህ አቅጣጫ የጀመራቸው ሥራዎች መኖራቸው የታወቀ ነው። በኅዳር 2015 ዓ.ም. በአርባ ምንጭ የተጀመረው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር፣ እያንዳንዱ ቤተሰብ በጓሮው ዶሮና ንብ፣ የወተት ላምና አትክልት እንዲይዝ ያበረታታል። ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮም የከተማ ሴፍቲኔት በ11 ከተሞች ሲጀመር፣ ከክልላችን ደሴ ከእነዚያ አንዷ ነበረች፤ የከተማ እርሻም ድሆች ከሚሰማሩባቸው ሥራዎች መካከል ተቆጥሯል። ዳሩ ግን በጓሮህ አልማ የሚለው ምክር ጓሮ ላለው ሰው የተነገረ ነው። በአንድ ክፍል ኪራይ ቤት ሰባት ሆኖ ለሚያድር ሰው ጓሮው ወዴት ነው? ይህን ጉድለት የሚሞላው የጋራ ጓሮ ነው። ስለ ተፈናቃዮችም ቢሆን፣ ኢትዮጵያ የካምፓላን ስምምነት በ2012 ዓ.ም. ማጽደቋ፣ ከውጭ ለመጡ ስደተኞችም በአዋጅ ቁጥር 1110/2011 የሥራን መብት መስጠቷ፣ የሕጉ ልብ ወዴት እንዳዘነበለ ያሳያል። ሕጉ ከወጣ ዘንድ የቀረው የቀበሌው ትጋት ነው።

በሌላው ዓለም የተደረገውንም ብንመለከት ትምህርት እናገኛለን። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የእንግሊዝ ሕዝብ በረኀብ እንዳይያዝ፣ በየከተማው ባዶ ቦታ ለቤተሰብ በቁራጭ እየተከፈለ ከ1 ሚሊዮን በላይ የአትክልት ቦታ ለምቶ ነበር። በአሜሪካ በሲያትል ከተማ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1973 ጀምሮ የከተማው አስተዳደር የጋራ የአትክልት ቦታዎችን አቋቁሟል፤ ቁጥራቸውም ከ80 በላይ ደርሷል። በእነዚህም ከአፍሪካ ቀንድ የሄዱ ስደተኞች የሚያርሱባቸው አሉ፤ ከምርቱም ለችግረኞች የምግብ ማደያ ቤቶች በስጦታ ይላካል። ለእኛ ይልቁንም የሚቀርበው የቤር ሼቫ ነገር ነው። በዚያች የእስራኤል ከተማ፣ ካሊሸር በተባለው አዲስ መጤዎችን በሚቀበለው ሰፈር፣ ከኢትዮጵያ ለሄዱ ቤተሰቦች የእርሻ ቁራጮች ተሰጥተው ነበር። በማያውቁት ቋንቋ መካከል የተቀመጡ ሽማግሌዎች ዶማ በያዙ ጊዜ ዕውቀት ያላቸው ሰዎች መሆናቸው ታወቀ። የእኛ ወገኖች በባዕድ አገር ያገኙትን ዕድል፣ የእኛው ወገን በገዛ አገሩ ቢያጣው እንዴት ያለ ነገር ይሆናል?

ከቅርብም ምሳሌ አናጣም። በፎገራ ወረዳ የምትገኘውን የአውራ አምባን ማኅበረሰብ ዙምራ ኑሩ ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ እንደ መሠረቱት ይታወቃል። ስለ እምነታቸውና ስለ ሥርዓታቸው መከራከር የዚህ ጽሑፍ ሥራ አይደለም። እኛ የምንመለከተው ይህን ነው፤ በደርግ ዘመን መጨረሻ ከቀያቸው ተሰደው እስከ ቦንጋ ሄደው ነበር፤ በተመለሱም ጊዜ የቀራቸው መሬት ጠባብ ስለ ነበረ ሽመናንና ወፍጮን ጨምረው በኅብረት ሠሩ። አቅም ላጣ ሽማግሌና ለታመመ ሰውም ከጋራ ጎተራ የሚረዳበትን ሥርዓት አቆሙ። ጠባብ መሬትና ሰፊ ኅብረት ሲገናኙ ምን እንደሚሠሩ ደቡብ ጎንደር በገዛ ምድሯ ላይ አይታለች።

በዚህ ሐሳብ ላይ የሚቀርቡትን ተቃውሞዎች አንሸሽግም። አንደኛው፣ መጻተኛው በጊዜው ሳይለቅ የእኔ ነው ይላል የሚለው ፍርሃት ነው። ለዚህ መድኃኒቱ ከላይ የተናገርነው የተጻፈ ወረቀት ነው፤ ክርክር የሚነሣው ወሰኑና ዘመኑ ባልተጻፈበት ቦታ ነውና። ሁለተኛው፣ ነባሩ ድሃ ሳለ ለመጣው ሰው ለምን ይሰጣል የሚል ቅሬታ ነው። ይህም እውነት ያለበት ስለ ሆነ፣ እያንዳንዱ ማኅበር ግማሹ ከመጻተኞች፣ ግማሹ ከቀበሌው ድሆች እንዲሆን እንመክራለን። እንዲህ ከሆነ ቅናቱ ይጠፋል፤ ጎረቤትነቱም በአንድ መደብ ላይ ይበቅላል። ሦስተኛው የጤና ነገር ነው። የቆሻሻ መውረጃ ውኃ ጎመን እንዳይጠጣ፣ የመኪና ዘይት በፈሰሰበት ቦታ አትክልት እንዳይተከል የጤና ባለሙያው አስቀድሞ ቦታውን ሊያይ ይገባል። በበጋ የሚጠጣውንም ውኃ ከሕዝብ ቦኖ መሻማት እንዳይሆን፣ የክረምቱ የጣሪያ ውኃ በበርሜልና በጉድጓድ ቢጠራቀም ይሻላል።

ስለ ቤተ ክርስቲያን ቦታም ጥንቃቄ ያለው ቃል እንናገራለን። የደቡብ ጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ደን አገሩ ሁሉ በተራቆተ ጊዜ የቀረ የዕፅዋት መርከብ ነው። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴና ሌሎች ሊቃውንት ይህን ደን አጥንተው ዋጋውን ለዓለም አስታውቀዋል፤ በብዙ ደብርም ዙሪያው በድንጋይ ካብ ታጥሮ እንዲጠበቅ ተደርጓል። ስለዚህ ለጓሮ ተብሎ ከደኑ አንዲት ዛፍ እንኳ አትቈረጥ። ነገር ግን ከካቡ ውጭ ያለ፣ ደብሩ የሚያዝበት ገላጣ መሬት ካለ፣ የደብሩ አስተዳዳሪዎች መክረው ለዚህ ሥራ ቢፈቅዱት በጎ ሥራ ነው።

አባቶች ካህናት ይህን ከማንም ይልቅ ያውቃሉ። በኦሪት ባለርስቱ የእርሻውን ዳር ለድሃና ለመጻተኛ እንዲተው ታዝዟል። ሞዓባዊቱ ሩት የእርዳታ እህል ቁጭ ብላ አልጠበቀችም፤ በቦዔዝ እርሻ ቃርሚያ በመልቀም ኖረች፤ ከእርስዋም የዳዊት ዘር ወጣ። ቦዔዝ እንጀራ ብቻ ሰጥቶ ቢያሰናብታት ኖሮ ሩት እንግዳ እንደ ሆነች በቀረች ነበር። የእርሻው በር ስለ ተከፈተላት ግን የአገር ልጅ ሆነች። ይህን ምሳሌ በሰንበት ስብከት ላይ ቢያነሡት፣ ሺህ ማስታወቂያ ከሚሠራው ይልቅ ይሠራል። ከየጓሮው ምርትም አሥራት የሚሆነው ለአቅመ ቢሶች ጎተራ እንዲገባ፣ ጎተራውንም የእድሩ ዳኛና የደብሩ መሪ አንድ ላይ ሆነው በሁለት ቁልፍ እንዲጠብቁት ቢደረግ፣ እምነት ይጸናል፤ ሐሜትም ይቀራል።

ሹማምንት ሆይ፤ ከእናንተ የምንጠብቀው ጥቂት ነው። እያንዳንዱ ቀበሌ በክልሉ ውስጥ ሥራ ፈትቶ የቆመውን ቦታ ከመጋቢት በፊት ይመዝግብ። የግብርና መምሪያው ዘሩን፣ የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎችም ምክሩን ያቅርቡ። ማዘጋጃ ቤቱ የሦስት አዝመራውን ወረቀት በሚያዝያ ይስጥ፤ አለዚያ የግንቦት ደመና ሳይዘራበት ያልፋል። ዝናብ ደብዳቤ እስኪፈረም አይጠብቅምና።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው እንዲሉ፣ የመጻተኞችን ነገር መንግሥት ብቻውን ቢሸከመው ይከብዳል፤ ቀበሌው፣ እድሩ፣ ደብሩና መጻተኛው ራሱ ቢካፈሉት ግን ለከተማው ጌጥ ይሆናል። ከጉና ተራራ የሚወርደው ውኃ ርብንና ጉማራን ሞልቶ የፎገራን ሜዳ አጥግቦ ጣና ይገባል፤ በየመንገዱ የሚያገኘውን ሁሉ ያጠጣል እንጂ አንተ ከወዴት መጣህ ብሎ አይጠይቅም። እንግዲህ በሚመጣው ክረምት በደብረ ታቦር ባዶ ቦታዎች ላይ የነባሩና የመጻተኛው ዶማ አንድ ላይ ሲወርድ እንድናይ፣ በመስከረምም አዲሱ ድንች በሁለቱም ማእድ ላይ እንዲገኝ፣ አስተዋይ ሹምና ትጉህ ካህን እንዲበዙልን እግዚአብሔር ይፍቀድልን።